ማስመሪያውን የከሰሰው ዓይን

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2018 ረቡዕ ዕለት፣ በአጎቴ በናካጂ ሹሳኩ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ተቆርጦ ሳያልቅ ቀርቷል። ካኪ በሚባል የጃፓን ፍሬ ጭማቂ ተነክሮ በጭስ የደረቀ ቡናማ ወረቀት ነው፤ ንድፍ በቢላዋ ተቆርጦበት ለባህላዊው ልብስ ለኪሞኖ ጨርቅ ማቅለሚያ የሚሆን። በሦስት ሳንቲሜትር ስፋት ውስጥ ሠላሳ አንድ መስመር መግባት አለበት። ሁለት ጊዜ በማጉያ ቆጥሬዋለሁ፦ ከአራት መቶ ሦስት መስመሮች ሁለት መቶ ስድሳ ሁለቱ ተቆርጠዋል። ከመጨረሻው መስመር ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ "ፌብሩዋሪ 3" ተብሎ ተጽፏል። የእሳቸው እጅ ነው።

በማግስቱ ኖቬምበር 15 ጠዋት ልባቸው ቆመ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ሰዎች ለቀብር ሲመጡ ወረቀቱን እያዩ "ምነው ቢጨርሱት ኖሮ" ይሉ ነበር። ወረቀቱ ግን የቆመው በሞት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ዘጠኝ ወር ሙሉ ቆሞ ነበር። ለምን እንደቆመ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑና እኔ አንዷ ስለሆንኩ ልጽፈው ወሰንኩ።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ኪዮቶ ሄጄ የመዝገብ አያያዝ ተምሬ ተመለስኩና እዚሁ ሺሮኮ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የዓይን ክሊኒክ የሕሙማንን መዝገብ እይዛለሁ። የአጎቴም መዝገብ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ቀኖቹን ከዚያ ነው የወሰድኩት። ንግግሩን ደግሞ ከጆሮዬ።

አጎቴ በስድስት ዓመታቸው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ማየት እንደማይችሉ የደረሰባቸው አስተማሪያቸው ነው። በአሥራ አንድ ዓመታቸው የመነጽራቸው ቁጥር ማይነስ ስምንት ደርሶ ነበር። ሌላ ቤት ቢሆን ለቅሶ ነው። አባታቸው ግን ወረቀት ቆራጭ ነበሩና፣ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ደስታቸውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። ኳስ የማይታየው ልጅ ከጠረጴዛ አይነሳም ብለው አሰቡ። እውነትም አልተነሱም። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ቁጭ አሉ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት ተቀመጡ።

ሲያድጉ ግራ ዓይናቸው ማይነስ አሥራ ስምንት፣ ቀኙ ማይነስ ሃያ አንድ ሆነ። መነጽራቸውን ካወለቁ፣ የዘረጉት የገዛ እጃቸው ስንት ጣት እንዳለው አያውቁም። ወረቀቱን ግን አምስት ሳንቲሜትር ተኩል ላይ ሲያደርሱት፣ ሌላው ቆራጭ በማጉያ የሚፈልገውን እሳቸው በባዶ ዓይናቸው ያገኙታል። ስለዚህ ሥራ ሲጀምሩ መነጽራቸውን ምስማር ላይ ይሰቅሉና ፊታቸውን ወረቀቱ ላይ ይደፋሉ። የአፍንጫቸው ጫፍ ከወረቀቱ ቀለም የተነሳ ቡናማ ነበር። በሳሙና አይለቅም። መሣሪያ ሻጩ ሞሪቴራ፣ አብሮ አደጋቸው ናቸውና፣ ባገኟቸው ቁጥር "ዛሬ ስንት መስመር ቆረጠች አፍንጫህ?" ይሏቸው ነበር።

ይህ ዓይን ዋጋ ያስከፍላል። ዓይን እንዲህ የሚሆነው የዓይኑ ኳስ ወደ ኋላ ሲረዝም ነው፤ የአጎቴ ግራ ዓይን ርዝመት ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት ሚሊሜትር ነበር፣ የብዙ ሰው ሃያ አራት አካባቢ ነው። ኳሱ ሲረዝም፣ ከኋላ በኩል ከውስጥ የተለጠፈችው ስስ ንጣፍ፣ ብርሃን የምትቀበለው ሬቲና፣ አብራ ትሳባለች። እየሳሳች ትሄዳለች። በሥሯ ያለው ሽፋን ይሰነጠቅና በስንጥቁ በኩል መብቀል የሌለባቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ያፈሳሉ፣ ይደማሉ፣ በመጨረሻ ጠባሳ ይተዋሉ። ቦታው የዕይታው መሃል ከሆነ፣ ሰውዬው ዙሪያውን እያየ የሚያየውን ነገር አያይም።

ቀኝ ዓይናቸው ላይ ይህ የደረሰው በ2003 ነው። ያኔ የመሰላቸው አምፖሉ ነበር። መስመሩ መሃሉ ላይ ሲደበዝዝባቸው አምፖል ቀየሩ፤ ቀጥሎ የአምፖሉን ቦታ ቀየሩ፤ ቀጥሎ ጠረጴዛውን ወደ መስኮት አዞሩ። ስምንት ወር። ክሊኒክ ሲደርሱ የቀረው ጠባሳ ነበር። መዝገቡ ላይ "ዘግይቶ የመጣ" ይላል፤ ከእኔ በፊት በነበረችው ሠራተኛ እጅ።

ከዚያ ወዲያ የቀራቸው ግራ ዓይናቸው ነው። በየዓመቱ መታየት ነበረባቸው። በ2017 መከር ላይ የነበረውን ቀጠሮ ናጎያ ከተማ ለሚደረግ ኤግዚቢሽን የሚሰጥ ሥራ አለብኝ ብለው ሰረዙት፤ እኔም "በታካሚው ጥያቄ ተሰርዟል" ብዬ ጻፍኩ። ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ሰኞ ጠዋት፣ አጎቴ የብረት ማስመሪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሞሪቴራ ሱቅ ሄዱ። መስመር የሚቆርጥ ሰው ቢላዋውን የሚያስኬደው በዚያ ማስመሪያ ጠርዝ ነው፤ ማስመሪያው የጸጉር ያህል ከጎበጠ ሁለት መቶ መስመር ገደል ይገባል። ከሞሪቴራ የገዙት ባለፈው ዓመት ነበር። አሁን ጎብጧል አሉ። ሞሪቴራ ማስመሪያውን መስታወት ላይ አጋድመው ከኋላው ባትሪ አበሩበት። ብርሃን የሚያልፍበት አልነበረም። ቀጥ ያለ ነው አሉ። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ እዚህ ጋ ሰምጧል አሉ። ሞሪቴራ ከመሳቢያ አዲስ ማስመሪያ አወጡና ሰጧቸው። እሱም ሰምጧል አሉ፣ እዚያው ቦታ ላይ።

"እንግዲህ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ከጎበጡ፣" አሉ ሞሪቴራ፣ "የጎበጠው ማን ይሆን?"

ይህን ያሉት እየሳቁ ነው። አጎቴ ግን አልሳቁም። ሃምሳ ዓመት ደንበኛህ ሆኜ ብረት መምረጥ አታውቅም ልትለኝ ነው አሏቸው። ማስመሪያውን "አቅናውና ላክልኝ" ብለው ጥለውት ወጡ። ሞሪቴራ ምኑን ያቅኑት? የኢሴ ባሕረ ሰላጤ ነፋስ በሚመታው መስኮት ሥር መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ሁለቱ ሰዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም አልተባባሉም።

ሰኞ ሰኞ እራት የምበላው ከአጎቴ ጋር ነበር። ፌብሩዋሪ 19 ሩዙን አቅርበው፣ የባሕር ዛጎሉን ሾርባ ቀድተው፣ ሳይቀመጡ ተንሸራታቹን የወረቀት በር ማየት ጀመሩ። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል። የበሩን የእንጨት ፍርግርግ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ያያሉ። ምን ሆኑ አልኳቸው።

"ቺካ፣ እንግዳ ነገር አገኘሁ፣" አሉ። "ጉብጠቷ ትሄዳለች።"

"የቷ ጉብጠት?"

"የማስመሪያው። የአባቴን የቀርከሃ ማስመሪያ አወጣሁ፣ እሱም ላይ አለች። ላይኛውን እንጨት ሳይ ላይ ትወጣለች። ታችኛውን ሳይ ትከተለኛለች። ማስመሪያው ላይ ብትሆን ማስመሪያውን ሳስቀምጥ እዚያው ትቀር አልነበር?"

እንቆቅልሽ የፈታ ሰው ፊት ነበራቸው። እኔ የያዝኩትን የመመገቢያ እንጨት አስቀመጥኩ። ቀኝ ዓይንዎ በምን ነበር የጀመረው ብዬ ጠየቅኳቸው።

"በአምፖሉ፣" አሉ።

"በአምፖሉ አልነበረም፣ አጎቴ።"

መዳፋቸውን ከዓይናቸው ላይ አወረዱና፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ እንብላ አሉ። በላን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ክሊኒኩ በር ላይ ከእኔ ቀድመው ቆመው አገኘኋቸው።

ዶክተር ኢጉሳ ማክሰኞና ዓርብ ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምትመጣ የሬቲና ሐኪም ናት። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። የዓይናቸውን ብሌን በጠብታ አስፍታ ዓይናቸውን በብርሃን አየች፤ ከዚያም የሬቲናን ሽፋኖች በብርሃን እየከፈለ የሚያሳየው ማሽን ላይ አስቀመጠቻቸው። እንዲህ በረዘመ ዓይን ላይ ያ ሥራ ቀላል አይደለም፤ ከኋላ በኩል ጉድጓድ ስለሚፈጠር ምስሉ ከስክሪኑ ጫፍ ይወጣል። አራት ጊዜ ደገመችው። አጎቴ በየመሃሉ ጥያቄ ነበራቸው። ምስሉ ሲወጣ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ በአፍንጫቸው ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም።

ይህ የማን ነው አሉ። የእርስዎ ነው አለቻቸው። ወረቀት ነው የሚመስለው አሉ፤ በደንብ ያልተለጠፈ፣ በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ውሃ የገባበት። ዶክተሯ ትንሽ አየቻቸውና፣ እኔ ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ አላስረዳሁም አለች። ከንብርብሩ ሥር አንዲት ትንሽ ጉብታ ነበረች፤ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ። አዲስ የበቀለችው የደም ሥር እሷ ናት። መሃሉን ልትነካ ምንም አልቀራትም።

"ብንተዋት?" አሉ አጎቴ።

"በወራት ውስጥ ይሄኛውም ዓይን እንደ ቀኝዎ ይሆናል።"

"ብንነካትስ?"

"በመርፌ እናደርቃታለን። ብዙ ጊዜ ትደርቃለች። ቀጥ ያለ መስመር ግን ተመልሶ ቀጥ እንደሚል ቃል አልገባም፣ ናካጂ ሳን።"

አጎቴ ስለ መስመሩ ነበር የጠየቁት፤ በቃል ግን አልጠየቁም ነበር። እንዴት እንዳወቀችባቸው ወደ ቤት ስንሄድ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

መርፌው ለዓርብ ተቀጠረ። እስከዚያ ለታካሚ ሁሉ የምንሰጠውን ወረቀት ሰጠኋቸው፦ ትናንሽ ካሬዎች የተሰመሩበት፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት። ትእዛዙን አነበብኩላቸው። ቀኝ ዓይንዎን ይሸፍኑ፤ ግራውን ከነጥቡ ላይ አይንቀሉ፤ መስመሩ የጎበጠበትን ቦታ በእርሳስ ያክብቡ።

ዓርብ ጠዋት ይዘውት የመጡትን ሳይ ተናደድኩ። ምንም የተከበበ ነገር አልነበረም። ከነጥቡ በስተቀኝ ከፍ ብሎ ያሉትን መስመሮች በነጭ ቀለም ሸፍነው፣ በላዩ በቀጭን ብሩሽ ሌሎች መስመሮች ሠርተዋል፤ ሁሉም ወደ ውጭ የተገፉ፣ እንደተነፋ ጉንጭ የወጡ። ይህ ምንድን ነው አልኳቸው። ማተሚያችሁ በደንብ አልሠራም፣ አቅንቼላችኋለሁ አሉ። እያወቁ ነው። ጉብጠቷ የማን እንደሆነች ሰኞ ማታ ራሳቸው ነግረውኛል። የጎበጠ መስመር ፊታቸው ተቀምጦ፣ ብሩሽ በእጃቸው እያለ፣ እንዲሁ ለመተው እጃቸው እንቢ አላቸው። መዝገቡ ላይ "በትእዛዙ መሠረት አልተሠራም" ብዬ ጻፍኩና ሌላ ወረቀት አወጣሁ።

ዶክተር ኢጉሳ የተበላሸውን አምጪው አለችኝ። ዓይናቸውን ከነጥቡ ላይ ነቅለው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልነቀልኩም አሉ፤ አይንቀሉ ተብሎ የለ? በጎን በኩል እያየሁ ነው የሠራሁት። ይህን ማንኛውም ሰው አይችለውም። ዶክተሯ የማሽኑን ምስል ወደ ታች ገልብጣ ከወረቀቱ ጎን አስቀመጠችው። አጎቴ መስመሮቹን የገፉበት ቦታ፣ ከሬቲናው ሥር ፈሳሽ የቆመበት ቦታ ነበር። መጠኑ ሳይቀር። ዓይናቸው ወደ ውስጥ የሳበውን እጃቸው ያንኑ ያህል ወደ ውጭ መልሶታል።

"ሰዎች የሚያከብቡልኝ በግምት ነው፣" አለች። "እርስዎ ለክተው አመጡልኝ። በየወሩ እንዲሁ ያበላሹልኝ።"

የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከሥሩ "በተሻለ ተሠርቷል" ብዬ ቀን አኖርኩበት። ገጽ 41 ነው።

መርፌው ራሱ ረጅም ጊዜ አልወሰደም። ዓይናቸው ደንዝዞ፣ ፊታቸው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከነጩ በኩል ተወጉ። የፈራሁት እኔ ነኝ። እሳቸው እንደወጡ የነገሩኝ ስለ ሕመም አልነበረም። ከታች በኩል ጥቁር ክብ ነገር ትንሳፈፋለች አሉኝ፤ ጠርዟ እንከን የለውም፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ክብ ቆርጬ አላውቅም። ዶክተሯ አብሮ የገባ የአየር አረፋ ነው፣ ነገ ይጠፋል አለች። አየርማ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ለምን ታች አየኋት አሉ። ላይ ነው ያለችው፤ ዓይን ሁሉን ነገር ገልብጦ ስለሚቀበል ነው ለእርስዎ ታች የምትመስለው አለች ዶክተሯ።

"እስከ ዛሬ ገልብጬ ነው የማየው?"

"ሁላችንም።"

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ይህን ሲያወሩ ከረሙ። አረፋዋ በማግስቱ ስትጠፋ ግን ትንሽ ከፋቸው።

ማርች ላይ ያመጡት ወረቀት ላይ ጉንጩ ግማሽ ወርዷል። ኤፕሪል 3 ሁለተኛ መርፌ ተወጉ። ሜይ ላይ ጋዜጣ ያነቡ ነበር፤ ወፍራም መስመር ያላቸውን ቀላል ሥራዎች፣ ፊታቸውን ወረቀቱ ላይ ሳይደፉ፣ በአባታቸው የቀርከሃ ማስመሪያ ይቆርጡ ነበር። ባለ ሠላሳ አንዱ ወረቀት ግን በቀርከሃ አይቆረጥም። እሱ የሚፈልገው ሞሪቴራ ሱቅ መስኮት ሥር ያለውን ብረት ነው።

ይሂዱና ይቅርታ ጠይቀው ይውሰዱት አልኳቸው። አንድ ጊዜ ሳይሆን፣ በማስታወሻዬ መሠረት አምስት ጊዜ። ሞሪቴራም ጣቢያው ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ማስመሪያው አጎትሽን ናፍቆ ሊጎብጥ ነው በይው" ይሉኛል። ነገርኳቸው። ሳቁ። አልሄዱም።

ኩራት መስሎኝ ነበር። ጁላይ ላይ ምክንያቱን ነገሩኝ፤ ቢላዋ እየሳሉ ነበር።

"አሁን ብሄድ ምን እለዋለሁ? ቀጥ ያለ ነው ልለው ነው? ለእኔ አሁንም ሰምጧል። የማላየውን ቀጥ ነው ብዬ እንዴት ይቅርታ እጠይቃለሁ?"

"አለመጉበጡን ያውቁታል።"

"ማወቅማ አውቃለሁ። ያኔ የተናገርኩት ግን ያየሁትን ነው። ቃሌን የምመልሰውም አይቼ ነው።"

ኦገስት 21 ፈሳሹ ተመለሰ። ገጽ 58 ላይ ጉንጩ እንደገና ተነፍቷል። አጎቴ ያን ቀን ጥያቄ አልጠየቁም፤ ዶክተሯም ይህን አስተውላ ሳይጠየቅ ሁሉን አስረዳቻቸው። የደም ሥሯ ቶሎ ተይዛለች፤ ደጋግማ ልትነሳ ትችላለች፤ በተነሳች ቁጥር በቶሎ ከደረስንባት ቦታ አታገኝም። ቶሎ የምንደርስባት በእርስዎ ወረቀት ነው አለቻቸው። ሦስተኛው መርፌ ኦገስት 24 ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን በወር ሳይሆን በየጠዋቱ ይሠሩ ጀመር፤ ሰማንያ ሦስቱም እኔ ዘንድ አሉ። የጎደለ ቀን የለም።

ኖቬምበር 9 ዓርብ ዕለት ማሽኑ ደረቅ ሬቲና አሳየ። ወረቀቱ ላይ ከአንዲት ካሬ በቀር መስመሮቹ ሁሉ ባሉበት ነበሩ። እዚያች ካሬ ውስጥ ብሩሹ ወደ ውጭ የሄደው የጸጉር ያህል ነው። አጎቴ ይህችስ መቼ ትሄዳለች አሉ። ዶክተር ኢጉሳ ምስሉን ደግማ አየችው። አትሄድም አለች፤ ትንሽ ጠባሳ ናት፣ ከእርስዎ ጋር ትኖራለች። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያዘኑ አልመሰሉኝም። ልኩን ነበር ማወቅ የፈለጉት። ቀጣይ ቀጠሯቸውን ለዲሴምበር 7 መዘገብኩ።

ኖቬምበር 14 ከሰዓት በኋላ ያደረጉትን የነገሩኝ ሞሪቴራ ናቸው፤ በቀብሩ ማግስት ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ አስደግሜ ጻፍኩት። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ከጣቢያው ጎን ካለው ጣፋጭ ቤት አንድ ሳጥን የባቄላ ጣፋጭ ይዘው ገቡ። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ሞሪቴራ ማስመሪያውን ከመስኮቱ ሥር አውጥተው አቧራውን ጠረጉና ሰጧቸው። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ለሞሪቴራ አስያዟቸው። ማስመሪያውን ግራ ዓይናቸው ሥር አደረጉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው አዩት። ከዚያ አዞሩትና ከዚያኛው ጫፍ ጀመሩ። ሞሪቴራ እንደሚሉት በዚህ መሃል አንድ ደንበኛ ገብቶ፣ ሁኔታውን አይቶ ወጥቷል።

"ቀጥ ያለ ነው፣" አሉ አጎቴ። "አንዲት ጸጉር የምታህል ቀርታለች። እሷ የእኔ ናት፣ ያንተ አይደለችም። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"አፍንጫህስ?" አሉ ሞሪቴራ። "ነጥታለችሳ።"

"ከነገ ጀምሮ ትጠቁራለች።"

ጣፋጩን ከፍተው አንድ አንድ በሉ። አጎቴ ማስመሪያውን በዚያው በወሰዱበት ጨርቅ ጠቀለሉት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በባሕሩ በኩል ባለው መንገድ ወደ ቤት ሄዱ። ማስመሪያውን ያገኘሁት ከጠረጴዛው በላይ ካለው ምስማር ላይ፣ በቦታው፣ ተሰቅሎ ነው።